20 ሳምንት ከአንዲት ወረቀት ጋር

ይህን ግምገማ የምጽፈው መብላት ሲጀምሩ ራስን መግታት ለሚያቅትበት ሕመም የሚሰጠውን የ20 ሳምንት የቡድን ሕክምና ከጨረስኩ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። በመጨረሻው ቀን ብጽፈው ኖሮ አምስት ኮከብ እሰጥ ነበር፤ በስድስተኛው ሳምንት ብጽፈው ደግሞ አንድም አልሰጥም ነበር። አሁን ነገሩ ከሰከነልኝ በኋላ ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። የማዕከሉን ስም አልጠራም። ስምንት ሆነን ነው የጀመርነው፤ ከስምንታችን አንዱ እንኳ በእኔ ጽሑፍ ምክንያት እንዲታወቅ አልፈልግም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሕክምና ሲቀርብላችሁ ምን እንደምትጠይቁና ምን እንደምትጠብቁ ለማወቅ ብላችሁ አንብቡት።

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬ 46 ነው። በቡድናችን «ልጓም ያጣ አበላል» የምንለው፣ በእንግሊዝኛ «ቢንጅ ኢቲንግ ዲስኦርደር» የሚባለው ነገር የጀመረኝ ገና ወጣት ሳለሁ፣ በመጀመሪያው የሥራ ዓመቴ ነው። ስሙን ያወቅኩት ግን አምና ነው። በመካከል ያሉትን 25 ዓመታት «ሆዳም ነኝ» ብዬ አምኜ ኖሬአለሁ። ሆዳም የሚባል ሰው መብላት ይወዳል። እኔ በዚያች ሰዓት የምበላው ምግብ ጣዕሙ አይታወቀኝም፤ ግማሹን ሳላኝክ እውጣለሁ፤ በር ዘግቼ፣ መብራት ሳላበራ፣ ቆሜ ነው የምበላው። ምን እንደምበላና ምን ያህል እንደምበላ እዚህ አልዘረዝርም። ሕመሙ ያለበት አንባቢ እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሲያነብ ወይ ራሱን ከሌላው ጋር ያነጻጽራል፣ ወይ ይቀሰቀስበታል። የቡድናችንም የመጀመሪያ ደንብ ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ስለ ክብደቴ አልጠየቁኝም። «መብላት ከጀመሩ በኋላ ማቆም እንደማይችሉ የሚሰማዎት ጊዜ አለ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ በሕይወቴ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከዚያ በፊት ያየኋቸው ሐኪሞች ሁሉ ያሉኝ «ይቀንሱ» ብቻ ነበር። መልስ ለመስጠት አፌን ከፍቼ ድምፄ እምቢ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የወረቀት መያዣ እያየሁ ቆየሁ፤ እርሳቸውም ሳይቸኩሉ፣ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጠበቁኝ። ከአራቱ ኮከቦች አንዷን የሰጠሁት ለዚያ ዝምታ ነው።

ከዚያ መስፈርቱን አስረዱኝ። በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ አብዛኛው ሰው በዚያው ሁኔታ ከሚበላው በግልጽ የበዛ መብላት፤ በዚያም ጊዜ ራስን መግታት እንዳቃተ መሰማት። በዚህ ላይ ከአምስት ምልክቶች ቢያንስ ሦስቱ፦ ከወትሮው በጣም ፈጥኖ መብላት፣ ሆድ እስኪያም መሙላት፣ ሳይርብ ብዙ መብላት፣ በኀፍረት ምክንያት ተደብቆ መብላት፣ ከበሉ በኋላ ራስን መጸየፍ ወይም በጸጸትና በኀዘን መዋጥ። ይህ ሁሉ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ እየተመላለሰ ሦስት ወር ከቆየ፣ ሰውየውንም በብርቱ ካስጨነቀው፣ ቡሊሚያ ነርቮሳ በሚባለው ሌላ የአመጋገብ ሕመም እንደሚታየው በማስመለስ ወይም በሌላ ዘዴ የማካካስ ልማድ ከሌለው፣ ራሱን የቻለ ሕመም ነው። አምስቱም ምልክቶች ነበሩብኝ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አልበርት ስተንካርድ እንዲህ ያለውን አበላል እ.ኤ.አ. በ1959 ለይቶ ጽፎታል፤ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ግን ራሱን ችሎ እንዲቆም ያደረገው በ2013 ነው። በመካከሉ 54 ዓመት አለ። እኔ የታመምኩት በእነዚያ 54 ዓመታት ውስጥ ነው። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ደስታም ቁጣም በአንድ ላይ ይዞኝ ነበር።

ሕክምናው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት፣ በቡድን የሚሰጥ ነው። ይዘቱ ከሁለት ወገን የተውጣጣ ነው። አንደኛው ክሪስቶፈር ፌርበርን ለአመጋገብ ሕመሞች ያዘጋጀው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ነው። ሁለተኛው ማርሻ ሊነሃን ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚሞክሩና ስሜታቸው ለሚበረታባቸው ሰዎች የቀመረችው፣ በኋላ ሌሎች ባለሙያዎች ለዚህ ሕመም ያስማሙት ዳያሌክቲካል የባሕርይ ሕክምና ነው። ስሞቹን መያዝ አያስፈልጋችሁም። ልትይዙ የሚገባችሁ ወረቀቷን ነው።

ወረቀቷ አራት ጊዜ ታጥፋ ሸሚዝ ኪስ ትገባለች። በአንዱ ዓምድ ሰዓቱ፣ በሌላው ቦታው፣ ቀጥሎ የተበላው፣ ልጓም ያጣ ከነበረ አጠገቡ ምልክት፣ መጨረሻ ላይ ከመብላት በፊት የነበረው ስሜትና በኋላ የመጣው ስሜት፤ እያንዳንዱም ብርታቱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል። ደንቧ አንድ ነው፦ ወዲያው ይጻፋል። ማታ ተቀምጦ የቀኑን መሰብሰብ አይፈቀድም፤ ማታ ላይ የሚጻፈው ሰውየው ቀኑን እንዴት ሊያስታውሰው እንደሚፈልግ ብቻ ነውና። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎች ደብተር ሲያርሙ፣ እኔ በጉልበቴ ላይ ወረቀቴን ደግፌ እጽፍ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በስሜት ዓምዱ ላይ የጻፍኩት ቃል አንድ ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች «ጭንቀት፣ ጭንቀት፣ ጭንቀት» ይላል። ባለሙያዋ ወረቀቱን አይተው መለሱልኝና «መምህር፣ ተማሪዎ ለጥያቄው ሁሉ አንድ መልስ ቢጽፍልዎ ምን ይሉታል?» አሉኝ። «ጥያቄውን አላነበብከውም እለዋለሁ» አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ጥያቄውን ማንበብ ግን ቀላል አልነበረም፤ የተሰጠን የስሜቶች ዝርዝር ጭራሽ አላገዘንም። ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ መሆኑ ያስታውቃል። «አሉታዊ ስሜት»፣ «ዝቅ ያለ ስሜት»፣ «የውስጥ አለመረጋጋት ሁኔታ» ይላል። እንዲህ ብሎ ያዘነ ሰው በዘመኔ አልገጠመኝም። በአራተኛው ሳምንት ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት እናት ዝርዝሩን ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ልጆቼ፣ እኔ እዚህ የተጻፈው አንዱም አይሰማኝም። እኔን ማታ ማታ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ ያን ጊዜ ነው የምነሳው» አሉ። ሁላችንም ቀና አልን። ባለሙያዋ ተነሥተው ንግግራቸውን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ከየአቅጣጫው ጎረፈ፦ ሆድ ባሰኝ። ሆዴ ሻከረ። ሆዴ ፈራ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አንጀቴ አረረ።

እስቲ ልብ በሉ። ቋንቋችን ኀዘኑንም፣ ፍርሃቱንም፣ ቅያሜውንም፣ ምስጢሩንም የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ ነው። «ሆድ ባሰኝ» የሚል ሰው ምግብ አልጠየቀም። እኔ ግን 25 ዓመት ሙሉ ሆዴ በተናገረ ቁጥር የሰጠሁት ምግብ ነው። ይህ ነገር ለእኔ ከሕክምናው ሁሉ ይበልጣል፤ በባለሙያዎቹ መጽሐፍ ውስጥ ግን አልነበረም። ከእኚያ እናት የተማርነው ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዝርዝሩን ራሳችን ሠራነው። በየሳምንቱ እየጨመርን 31 ደረስን። ቁጭት ከጸጸት ተለየ፤ ጸጸት ስላደረግኩት ነው፣ ቁጭት ግን ሳላደርገው ስላመለጠኝም ነው። ቅያሜ ከቁጣ ተለየ። መሰልቸት ለብቻው ቆመ፤ ብዙዎቻችን መሰልቸትን ስሜት ብለን አንቆጥረውም ነበር፣ በወረቀቶቻችን ላይ ግን ደጋግሞ መጣ። የተማሪ ፈተና ሳርም የሚሰማኝን ለረጅም ጊዜ ድካም እለው ነበር፤ ባለሙያዋ እየጠየቁኝ ስፈትሸው «ደካማ አስተማሪ ነኝ» የሚል ኀፍረት ሆኖ ተገኘ። ደክሞኝ ከሆነ መተኛት ይበቃኛል። ኀፍረት ግን እንቅልፍ አይጠግነውም።

በስምንተኛው ሳምንት አንድ ቅዳሜ የሰበሰብኳቸውን ወረቀቶች ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። ሙያዬ ነውና ቁጥር ባየሁ ቁጥር መሳል አለብኝ። በግራፍ ወረቀት ላይ፣ ልጓም ያጣው አበላል የመጣበትን ጊዜ መሃል ላይ አድርጌ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ሰዓታት ወደ ግራ፣ በኋላ ያሉትን ወደ ቀኝ፣ የስሜቱን ብርታት ወደ ላይ እየነጠብኩ ሄድኩ። ልቤ የሚጠብቀው ቅርጽ ነበር። ስሜቱ እየወጣ ይሄዳል፣ እበላለሁ፣ ይወርዳል። የምበላው እንዲወርድልኝ ነዋ! መስመሩ ግን አልወረደም። ከመብላቴ በፊት 7 ወይም 8 የነበረው፣ ከበላሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ 9 ነው። ስሙ ይለወጣል እንጂ አይቀንስም፤ በፊት ቅያሜ ወይም ብቸኝነት የነበረው በኋላ ጸጸትና ራስን መጸየፍ ሆኖ ይመጣል። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ አየሁት። ስህተት ፍለጋ ነጥቦቹን ሁለተኛ ቆጠርኩ። ስህተት የለውም።

ሥዕሉን ለባለሙያዋ ሳሳያቸው አልተገረሙም። አሊሳ ሄድት-ማት እና ፓሜላ ኪል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሰዎች በዕለት ኑሯቸው መካከል ስሜታቸውን በየሰዓቱ የመዘገቡባቸውን 36 ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው መርምረዋል። መጥፎው ስሜት ልጓም ካጣው አበላል በፊት ከወትሮው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ከአበላሉ በኋላ ደግሞ ከመውረድ ይልቅ ጨመረ። የእኔ ሥዕል የእነርሱ ሥዕል ነው። አንድ ሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ ያገኘው ነገር ሌላ ቦታ ከብዙ ሰዎች መዝገብ ወጥቶ ሲያገኘው ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። እኔን እንዲህ ያጽናናኝ ነገር የለም።

ታዲያ ካልቀነሰልኝ ለምን 25 ዓመት ተመላለስኩበት? ይህን ጠየቅኋቸው። መልሱ ከሥዕሌ ላይ ነበረ፤ እኔ አላየሁትም። መሃል ላይ፣ በምበላባቸው ደቂቃዎች፣ ነጥብ የለም። አልጻፍኩም፤ ልጽፍም አልችልም ነበር፤ እዚያ ውስጥ አልነበርኩምና። ቶድ ሄዘርተን እና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ1991 ያቀረቡት ማብራሪያ ይህን ባዶ ቦታ ይነካዋል። ራሱን ከከፍተኛ መለኪያ ጋር እያስተያየ ጎደሎነቱ የሚያሳምመው ሰው፣ ከራሱ ለመሸሽ ሲል ትኩረቱን አፍንጫው ሥር ወዳለው ነገር ያጠብባል፤ ማኘክ፣ መዋጥ፣ እንደገና ማንሣት። ከበላሁት ያገኘሁት እፎይታ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ከራሴ ለጥቂት ደቂቃ መጥፋትን ነበር የምፈልገው። ዋጋውን የምከፍለው ስመለስ ነው።

አሁን ስለ ስድስተኛው ሳምንት ልንገራችሁ፤ አንድም ኮከብ የማልሰጥበት ሳምንት። አምስተኛው ሳምንት ላይ በቀን ሦስት ዋና ምግብና ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ እንድንበላ፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሳንበላ እንዳንቆይ ታዘዝን፤ ማታ ልጓሙ ቢጠፋ እንኳ ጠዋት ቁርስ አይቀርም። ለእኔ ይህ ሐሰት መሰለኝ። ሌሊቱን ያን ሁሉ የበላ ሰው ጠዋት እንደገና ይብላ? የእኔ ሥርዓት ሌላ ነበር። ማታ ከሆነ፣ በማግስቱ ቁርስም ምሳም የለም፤ ቅጣቴ ነው። ትእዛዙን በግማሽ ልብ ስፈጽም በዚያ ሳምንት ከወትሮው ብሶብኝ ነበርና ለመተው ወሰንኩ። ባለሙያዋ ስልክ ደውለው፣ ከመተዌ በፊት አንድ ሳምንት ብቻ ሳላጓድል እንድሞክረው ለመኑኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ በአሜሪካ ሚኔሶታ የተደረገውን ሙከራ ነገሩን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ አንሴል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀንሶ ለስድስት ወር አቆያቸው። ከዚያ በፊት የአመጋገብ ሕመም ያልነበረባቸው ሰዎች ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፤ ተቆጡ፣ አዘኑ፣ ከሰው ራቁ። ምግቡ ሲመለስላቸው ከመካከላቸው ሆዳቸው ሞልቶም ማቆም ያቃታቸው ነበሩ። በልቶ ያልጠገበ ሰው ስሜቱም ሸካራ ይሆናል፤ ሸካራ ስሜት ደግሞ ማታ ይጠብቀዋል። እኔ «ቅጣት» የምለው የሚቀጥለውን ማታ የሚያዘጋጅ ሥራ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቁርሴን እያለቀስኩ የበላሁባቸው ቀኖች አሉ። በላሁት ግን።

ሰንሰለት የሚሉት ትምህርት ላይ ልቆይ፤ ገንዘብ ከፍላችሁ የምታገኙት ነገር ይህ ነው። አንድ ሰው ያለፈውን አንድ ማታ ሰሌዳው ላይ ቀለበት በቀለበት ይዘረጋዋል፤ ምን ሆነ፣ ከዚያ ምን ተሰማኝ፣ ከዚያ ምን አሰብኩ። የእኔ ተራ የደረሰው በ11ኛው ሳምንት ነው፤ አንድ ሐሙስ አመጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመምህራን ስብሰባ ነበር። ርእሰ መምህሩ ለፈተና ውጤት የለፉትን በስም እየጠሩ አመሰገኑ፤ የእኔ ስም አልተጠራም። ምሳ ሰዓት ላይ ደብተር ሳርም ስለነበር አልበላሁም። ከስብሰባው ስወጣ አንድ ባልደረባዬ «እንዴት ነህ?» አለኝ፤ «ደኅና» አልኩት። ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ቀድማ ተኝታለች። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ነበርኩ። ወረቀቴ ላይ «ቁጣ፣ 6» ይላል።

ባለሙያዋ ጠመኔውን እንደያዙ «በማን ላይ ነው የተቆጡት?» አሉ። ማንንም አላገኘሁም። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ ሊረሱ ይችላሉ። ቁጣ አልነበረም፤ ቅያሜ ነበር። «ከዚያስ?» አሉኝ። «ከዚያ አፈርኩ» አልኩ። «በምን?» «በመቀየሜ። በ46 ዓመቴ ለአንዲት ምስጋና ብዬ ሆዴ መሻከሩ አሳፈረኝ።» «ኀፍረቱ ስንት ነው?» ቁጥሩን ለመናገር ጊዜ ወሰደብኝ። 9 ነበር። ቅያሜው 5፣ በቅያሜው የተነሣ ያፈርኩት ኀፍረት 9። ወደ ወጥ ቤት የወሰደኝ ሰው የሠራብኝ ነገር አልነበረም። የተሰማኝ ነገር ስለተሰማኝ ራሴን መውቀሴ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝና ተቀመጥኩ።

ከዚያ ቡድኑ «የትኛው ቀለበት ሊላቀቅ ይችል ነበር?» ተብሎ ተጠየቀ። እኔ የመጨረሻውን፣ የወጥ ቤቱን በር ነበር የማየው፤ ዕድሜዬን ሁሉ የታገልኩት እዚያ በር ላይ ነው። ከመካከላችን ትንሹ ልጅ «ጋሼ፣ ምሳዎን ቢበሉስ ኖሮ?» አለ። እናት ደግሞ «ደኅና ባትለውስ?» አሉኝ። አራት ሰዓት ላይ በጉልበት ሊሰበር የማይችለው ሰንሰለት፣ ሰባት ሰዓት ላይ በምሳና በአንዲት ቃል ይላቀቅ ነበር።

ግፊቱ ሲመጣ ሳይታገሉትም ሳይታዘዙትም ተቀምጦ ማየት የሚል ልምምድም አለ፤ አለን ማርላት ለሱስ ሕክምና ካስተዋወቀው የመጣ ነው። እንደ ማዕበል ከፍ ይላል፣ ይወርዳልም ይላሉ። አንድ ሌሊት የእጅ ሰዓቴን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ደረቴ ይመታል፤ ምራቄ ይሞላል፤ እግሬ ይነሣል ይመለሳል። በ22ኛው ደቂቃ 9 የነበረው 5 ሆነ። ሁልጊዜ አይሠራልኝም፤ ከአራት ጊዜ ሁለቱን ያህል ነው። ነገር ግን ግፊት ሳይታዘዙት ሊወርድ እንደሚችል አንድ ጊዜ ያየ ሰው ያየውን አያጣውም።

ቅሬታዬን አሁን እናገራለሁ። መጀመሪያ ስንሄድ ሚዛኑ የተቀመጠው በመግቢያው መተላለፊያ ላይ፣ ሰው በሚቀመጥበት ፊት ነበር፤ ቁጥሩንም የምትመዘግበው ሠራተኛ ጮክ ብላ ትናገረዋለች። ለኀፍረት ሕክምና ፍለጋ የመጣን ሰዎች በር ላይ በኀፍረት ነው የተቀበሉን። አንዲት እህታችን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አልተመለሰችም፤ ምክንያቷ ይህ እንደነበር በኋላ ሰማን። አቤቱታ አቀረብን፤ ሚዛኑ ወደ ተዘጋ ክፍል የገባው በዘጠነኛው ሳምንት ነው። አንድ ቀን ሊፈጅ የማይገባው ነገር ነው።

ቅጾቹ ሁሉ «አንቺ» እያሉ ነው የሚናገሩት። «ከበላሽ በኋላ ምን ተሰማሽ?» ይላል። ከስምንታችን ሁለታችን ወንዶች ነን። ይህ ሕመም ከአመጋገብ ሕመሞች ሁሉ በወንዶችና በሴቶች መካከል ያለው ልዩነት የሚጠብበት ነው። ወንድ ልጅ «ይህ የሴት በሽታ ነው» ብሎ ስንት ዓመት ከተደበቀ በኋላ መጥቶ ቅጹም ያንኑ ሲነግረው ምን ይሰማዋል? ሁለታችንም በየሳምንቱ ፊደሉን በእስክሪብቶ እያረምን ነው የሞላነው።

የስልክ ድጋፍ አለ ይላሉ፤ አለ። ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይህ ሕመም ብዙዎቻችንን የሚመጣብን ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ያጎደልኩት ኮከብ ግን በዋናነት በሌላ ነገር ነው። 20ኛው ሳምንት ሲያልቅ ሁሉም ነገር አለቀ። ምስክር ወረቀት ተሰጠን፣ ተቃቀፍን፣ ወጣን። በወር አንድ ጊዜ እንኳ የምንገናኝበት ቀጠሮ የለም። ከወጣሁ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ክፉኛ ሲመለስብኝ የምጠራው ሰው የነበረኝ የቡድኑ አባሎች ስልክ ተለዋውጠን ስለነበር ብቻ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት «ከጨረስኩ በኋላስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ መድኃኒት የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሊስዴክሳምፌታሚን የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ተፈቅዷል፤ ለክብደት መቀነሻ ግን አልተፈቀደም፤ ሱስ የማስያዝ አቅምም ስላለው ከአእምሮ ሐኪም ጋር ካልሆነ አይነካም። እኔ አልወሰድኩም። የምታስመልሱ፣ የልብ ምታችሁ የሚዛባ፣ ራሳችሁን የምትስቱ፣ ወይም ሕይወታችሁን ለማጥፋት የምታስቡ ካላችሁ የቡድን ተራ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ውጤቱን ለምትጠይቁኝ፦ ስጀምር በሳምንት አራት ወይም አምስት ሌሊት ነበር። ከጨረስኩ ወዲህ ባሉት ሦስት ወራት ሰባት ጊዜ መጥቷል፤ ከሰባቱ ሦስቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ናቸው። ክብደቴ ብዙም አልተለወጠም፤ ክብደት ለመቀነስ የምትሄዱ ከሆነ ይህ ቦታ አያስደስታችሁም፣ እነርሱም በመጀመሪያው ቀን ይህን በግልጽ ይነግሯችኋል። ለእኔ የተለወጠው ለባለቤቴ መንገሬ ነው። 17 ዓመት አብረን ስንኖር የማታውቀውን በ13ኛው ሳምንት ነገርኳት። «ሌሊት ስትነሣ እሰማህ ነበር፤ እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን በአንድ ጣሪያ ሥር ነበርን። አሁን እራት ላይ ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋዋለሁ፤ አንዳንዴም የእርሷን ቁጥር ትነግረኛለች።

ባለፈው ሳምንት ወደ ማዕከሉ ተመልሼ ነበር፤ 31ዱን ቃል በንጹሕ ጽፌ፣ ቅጾቹንም በ«እርስዎ» አርሜ ወሰድኩላቸው። ባለሙያዋ እዚያው ቆመው አነበቡት። ለሚቀጥለው ቡድን የድሮውን ዝርዝር አውጥተው ይህን እንደሚሰጡ ነገሩኝ። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ከላይ፣ በአንደኛው ቁጥር ነው ያለው፤ እናት እንዲያዩት ቅጂውን ልኬላቸዋለሁ።